ሳሎኑ በረኪና ይሸት ነበር

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለወንድሜ አልነገርኩትም፤ ከወንድሜ ጋር አንነጋገርም። ለሚስት አልነገርኩትም፤ ሚስት የለኝም። እዚህ ቡታጅራ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሰው እየተነሣ ይመሰክራል። ጠጪ ነበርኩ ይላል፣ ሌባ ነበርኩ ይላል፣ ሕዝቡም ሃሌ ሉያ ይልለታል። እኔ አንድም ቀን ተነሥቼ አላውቅም። የእኔ ሃሌ ሉያ የሚባልለት አይደለም። የንስሐ አባትም የለኝም። ስለዚህ አንተ አንባቢው፣ ማንም ሁን ማን፣ ተቀመጥና ስማኝ። ፍታኝ አልልህም። ስማኝ ብቻ።

እኔ አራት የዓሣ ግልገሎች ገድዬ፣ በእነሱ ሰበብ አንዲትን ሴት ከእንጀራዋ ያፈናቀልኩ ሰው ነኝ። ትስቅ ይሆናል፣ ዓሣ ነው ብለህ። ሳቅ። ስትጨርስ እንቀጥላለን።

ስሜ ተካ ነው። ያን ጊዜ ወልቂጤ ውስጥ ጋሽ ሣህሌ የሚባሉ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ግቢ ዘበኛ ነበርኩ። ጋሽ ሣህሌ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። ግማሹን ቤት መንገድ ሊሠራ ለመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አከራይተውት ነበር። ሰውየው ሥራው አልቆ ሲሄድ ሳሎን ያቆመውን ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከነዓሦቹ ትቶላቸው ሄደ። ዓሣ ስልህ የዝዋይ ዓሣ እንዳይመስልህ። ጠፍጣፋና ክብ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፤ ዓይኑ ጀርባው ላይ፣ አፉ ሆዱ ሥር ነው። ጅራቱ ላይ መርዝ ያለው እሾህ አለ። ስቲንግሬይ ይባላል። እኛ ሰፌድ አልነው፤ ሰፌድ ስለሚመስል። ሁለት ነበሩ፣ ወንድና ሴት።

ጋሽ ሣህሌ ከሥራ ሲመጡ ጫማቸውን ሳያወልቁ መጀመሪያ እነሱን ነበር የሚያዩት። ትሉን ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር የምቆፍረው እኔ ነበርኩ። ውሃውንም እኔ ነበርኩ የምቀይረው፤ የቧንቧ ውሃ ይገድላቸዋልና በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን አስተኝቼ ነው። ይህን ይህን አውቅ ነበር፤ በቃል የተነገረኝን ነገር አልረሳም። ለምን እንደወደድኳቸው ልንገርህ? ሰው ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፤ ምላሴ መራራ ነው፣ አውቀዋለሁ። እነሱ ግን ገና በበሩ ስገባ ክንፋቸውን እያውለበለቡ ወደ መስታወቱ ይመጡ ነበር። ለትሉ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ለትልም ቢሆን የሚመጣልኝ ሌላ ማን ነበር?

ሦስተኛዋ የግቢው ሰው ዘነበች ናት። ምግብ ታበስላለች፣ ቤት ታጸዳለች። የእንሴኖ ልጅ ናት፣ በዚያን ጊዜ ሠላሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት። የማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ገብታ ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ደብተሯን ማድጋ ላይ አስደግፋ ታጠና ነበር። ታዲያ እኔ እሷን ሳይ ሆዴ ይቃጠል ነበር። ለምን? ማንበብ ስለማልችል ነዋ።

አዎ፣ ማንበብ አልችልም ነበር። ሥራ ስገባ ጋሽ ሣህሌ «ታነባለህ?» ሲሉኝ «ትንሽ ትንሽ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ተቀምጬ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቼ ቅጠል እገልጥ ነበር። አንድ ቀን ዘነበች በጎኔ ስታልፍ ቆም አለችና፣ «ጋሽ ተካ፣ ዛሬ ሰዎቹ በጭንቅላታቸው የቆሙት ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ጋዜጣውን ገልብጬ ይዤዋለሁ። ስቃ አለፈች። ክፋት አልነበረባትም፤ ለማንም አልተናገረችም። እኔ ግን ቂም ያዝኩባት። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ፤ በሳቀብኝ ሰው ላይ ቂም የምይዝ።

ሴቷ ሰፌድ አረገዘች። መስቀል ሲቃረብ ጀርባዋ ጉብ ብሎ ሆዷ ውስጥ የሚላወስ ነገር ይታይ ጀመር። ጋሽ ሣህሌ ተጨነቁ። መስቀል ነውና አገር ቤት መሄድ አለባቸው። የቤቱ ታላቅ እሳቸው ናቸው፤ እምድብር አጠገብ ባለው የአባታቸው ቤት በሬው የሚጣለው እሳቸው ሲደርሱ ነው። ታላቁ ካልመጣ ሌላው ቢላዋ አያነሣም። ቀሩ ማለት ሞቱ ማለት ነው። እና አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ደብተር ላይ ሲጽፉ ሰነበቱ። ከመሄዳቸው በፊት ገንዳው ፊት አቆሙን፣ እኔንና ዘነበችን።

«ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ስትወልድ ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደማይደረግ» አሉና ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ። «ተካ፣ አደራ። አደራ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ዘነበችን አዩዋት፣ ደግሞ እኔን አዩኝ፣ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ወደ መኪናው ሄዱ።

በማግስቱ ዘነበች ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ ማንበብ ጀምራ ደረስኩባት። «ጋሽ ተካ፣ ይኼ ገንዳው ውስጥ ውሃ እየሳበ የሚያጣራው ቧንቧ ትንንሾቹን ይስባቸዋል ይላል። ላንብብልህ? አብረን እንየው» አለችኝ። ድምጿ ደግ ነበር። ደግነቷ ነው ያቃጠለኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእጇ ነጠቅኋት። «የማታ ተማሪ ሁሉ አስተማሪ ሆነ በዚህ አገር! ሂጂ፣ ሽንኩርትሽን ላጪ» አልኳት።

ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ግን ያቺን ያነበበቻትን አንዲት መስመር አልረሳችም። የመስቀል ዋዜማ ጠዋት ወደ እንሴኖ ከመሄዷ በፊት ስፖንጅ ቆርጣ የቧንቧው አፍ ላይ በላስቲክ አስራ ነበር። ከዚያ ሳሎኑን ወለወለች። በረኪና ተጠቅማለች፤ በረኪና ውሃው ከነካው ዓሣ ይገድላል። ከመጀመሯ በፊት ግን ገንዳውን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ሸፈነችው፣ መስኮቶቹንም ከፈተች። ወለሉ እስኪደርቅ ድረስ ላስቲኩን አላነሣችውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ይህን ያዝልኝ። አይቻለሁ።

«ጋሽ ተካ፣ ለምን አብረን አንሄድም? እናቴ ቤት ሰው ሞልቷል፤ አንተ ብትጨመር ማን ያውቃል?» አለችኝ ቦርሳዋን እያነገተች።

«ዓሦቹን ማን ይጠብቅ?» አልኩ።

እውነቱ ሌላ ነው። የእኔም አገር በዚያው በእንሴኖ በኩል ነው። ከወንድሜ ጋር በእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልተን፣ እኔ ቤቱን ረግሜ ወጥቼ፣ ስድስት መስቀል ዘበኛ ቤት ውስጥ ብቻዬን በልቻለሁ። ጉራጌ ሆኖ መስቀልን ብቻውን የበላ ሰው ካላየህ ብቻነትን አታውቀውም። ከተማው ጭር ይላል። ባጃጁ እንኳ ይጠፋል። ጎረቤት ቆልፎ ይሄዳል፤ ውሻው ብቻ ይቀራል፣ እሱም አጥንት ተጥሎለታል።

የመስቀል ቀን ረፋዱ ላይ ወለደች። ትል ይዤ ስገባ አራት ትንንሽ ሰፌዶች አሸዋው ላይ ተነጥፈዋል። የስኒ ማስቀመጫ ያህል ናቸው። ነጠብጣባቸው ሳይቀር እንደ እናታቸው ነው፤ ጅራታቸው እንደ ክር ቀጥኗል። አንዱ ተነሥቶ ሲዋኝ ጨርቅ ነፋስ የወሰደው ይመስል ነበር። ቆሜ አለቀስኩ ብልህ አታምነኝም። አለቀስኩ። በሕይወቴ ሲወለድ ያየሁት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ፈራሁ። ወንዱ ሰፌድ ዙሪያቸውን ይሽከረከር ጀመር። ይበላቸዋል አልኩ። እናቲቱም እንደ አሳማ ልጇን ብትበላስ? ደብተሩን ገለጥኩት። ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ታየኝ። ጎረቤት ሄጄ ላስነብብ? ጎረቤት የለም፤ መስቀል ነው። ቢኖርስ እሄድ ነበር? አልሄድም ነበር። አንድም ሰው በግቢው ቢቀር ከዚያ ሰው ተደብቄ ነበር ደብተሩን የምገልጠው። ከበሩ ኋላ ጋሽ ሣህሌ ሠርተው ያቆሙት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰፊ ፕላስቲክ ነበር። ለምን እንደተሠራ ሳላውቅ ካልሲዬን አሰጣበት ነበር።

ሰፊ ሳፋ አመጣሁ። ከበርሜሉ ውሃ ሞላሁበት። አራቱን በጎድጓዳ ሳህን አንድ በአንድ ቀዳሁና ሳፋው ውስጥ አደረግኋቸው። አዳንኳቸው ብዬ ነበር። ኮራሁ! እኔ ተካ፣ ያለማንም እርዳታ፣ ያለማንም ንባብ።

ጎረቤት ዋዜማውን ቆልፎ ሲሄድ ከቅርጫው የተወልኝ ቀይ ሥጋ ነበረኝ። ክትፎዬን ከተፍኩ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ አደረግኩበት፣ ቆጮዬን ቆረስኩ። እንደ ሌላው ጊዜ ዘበኛ ቤት ልበላ ተነሣሁና ቆምኩ። ለምን? ዛሬ ሰው አለኝ አይደል? ሳህኔን ይዤ ሳሎን ወለሉ ላይ ከሳፋው አጠገብ ተቀመጥኩ። በመስቀል በቤት ያለ ፍጥረት ሁሉ ይበላል። አባቴ ከከብቱ እስከ ድመቱ ሳያበላ አይቀመጥም ነበር። እኔም ለአራቱ ከፈልኩላቸው። አድቅቄ ከተፍኩላቸው። ቅቤም ሚጥሚጣም አላደረግኩበትም፤ ይህን ያህል አስቤያለሁ። አባቴ የሚመርቀውን ምርቃት በጉራጊኛ መረቅኋቸውና ሥጋውን ውሃው ላይ በተንኩት።

አልበሉም። አፈሩ ይሆናል ብዬ ጨመርኩ። አሁንም አልበሉም። እንግዳ ናቸው፣ ሲለምዱ ይበሉታል አልኩና የቀረውንም ጨመርኩላቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰው ጋር የበላሁት መስቀል ያ ነበር። ከሰው ጋር አልኩህ? ይቅር፣ ይሁን። እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሳፋው ግም ግም ይል ነበር። ውሃው ደፍርሷል፣ ላዩ ላይ አረፋ አለ። ሦስቱ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገዋል። አራተኛው ገና ይተነፍስ ነበር። ሮጬ ገንዳው ውስጥ መለስኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እሱም ቆመ። ሥጋው ውሃውን ገደለው፣ ውሃው እነሱን ገደላቸው፣ ሥጋውን ደግሞ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔ ገደልኳቸው። በፍቅር ገደልኳቸው ልበልህ? አልልም። በፍቅር ቢሆን ኖሮ ዘነበችን ላንብብልህ ስትለኝ እሺ እላት ነበር። በትዕቢት ገደልኳቸው።

ጓሮ ከእንሰቱ ሥር ቀበርኳቸው። ሳፋውን በአመድ ፈግፍጌ አጠብኩት።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስሕተት ነው በለው። ሰው ይሳሳታል በለኝ፤ እቀበልሃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስሕተት አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘነበች ተመለሰች። ነገሩን ገና ሳልነግራት ጋሽ ሣህሌ ደረሱ። ለእኔ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ ይዘውልኝ ነበር። ጫማቸውን ሳያወልቁ ገንዳው ጋ ሄዱ። የእናቲቱን ሆድ አዩ። ዞሩ።

«ወለደች?»

«ወልዳ ነበር። አራት። ሞተው አገኘኋቸው» አልኩ።

ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ደብተሩ ላይ እንዳለው አደረጋችሁ?»

«እንደተጻፈው» አልኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ እንዲህ አልኩ፦ «ሳሎኑ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር።»

ይህችን ቃል መርምርልኝ። ውሸት አለባት? ዋዜማ ጠዋት እውነት ይሸት ነበር። አንድም የሐሰት ቃል የለባትም። እንዲህ ያለችውን ቃል ማን አስተማረኝ? ፊደል የማይለይ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ግን ማንም ሳያስጠናው ያውቃል!

ዘነበች ከወጥ ቤት በር ላይ ሰማች። እጇ ላይ ሊጥ ነበር። «ኧረ ሸፍኜዋለሁ! ጋሼ፣ በእናቴ ሞት ሸፍኜዋለሁ፣ መስኮቱንም ከፍቼዋለሁ። ጋሽ ተካ አይቷል። ጋሽ ተካ፣ ንገራቸው እንጂ!»

አየችኝ። በሙሉ ልቧ ነበር ያየችኝ፤ እንደምነግራቸው እርግጠኛ ነበረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ በር ላይ ነበርኩ» አልኩ። «አላየሁም።»

ይኸው። ወንጀሌ ይህ ነው። አላየሁም አልኩ። አይቼ አላየሁም አልኩ።

ጋሽ ሣህሌ የሚጮኹ ሰው አልነበሩም። «ዘነበች፣ ልብስሽን ሰብስቢ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዙረው ነበር ያሉት። የማታ ትምህርቱ ከተከፈተ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ። በአንድ እጇ ልብሷን፣ በሌላው ደብተሮቿን በፌስታል ይዛለች። ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ብትረግመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ጋሽ ተካ» አለችኝ፣ «ስፖንጁን እንዳትፈታው። ሌላ ጊዜም ልትወልድ ትችላለች።»

ሄደች።

አልፈታሁትም። ሴቷ ሰፌድ ግን ዳግመኛ አልወለደችም፤ በዓመቱ ሁለቱም አከታትለው ሞቱ። ጋሽ ሣህሌ ታመሙና ልጆቻቸው ጋ አዲስ አበባ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። ለእሳቸው እንድናገር የቀረኝ ጊዜ ያን ያህል አጭር ነበር፣ ያንንም በዝምታ ጨረስኩት። ቡታጅራ መጥቼ የአንድ ብረታ ብረት ቤት ጥበቃ ሆንኩ። ደብተሩን ፍራሼ ሥር ይዤው መጣሁ። የምጥለው ቦታ አጣሁለት።

ቤተ ክርስቲያኑ ለጎልማሶች ማንበብ የሚያስተምር ክፍል ከፈተ። የምታስተምረን ልጅ በዕድሜዋ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኝ ሀ ብዬ ጀመርኩ። ሰዎቹ ቃሉን ለማንበብ ነው ይሉ ነበር። እኔ ቃሉን ለማንበብ አልነበረም። ያንን ደብተር ለማንበብ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገለጥኩት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ ሕፃን አነበብኩት። «ስትወልድ አትደንግጥ። ከበሩ ኋላ ያለውን ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ገንዳው መሐል አስገባና ልጆቹን ከትልልቆቹ ለያቸው። ከውሃቸው አታውጣቸው» ይላል። «እስከ አራት ቀን ምንም አታብላቸው። ስንቃቸውን ከእናታቸው ሆድ ይዘው ነው የሚመጡት» ይላል። «ሥጋ አትስጣቸው፣ ውሃውን ይመርዘዋል» ይላል። ስንቃቸውን ይዘው ነው የመጡት! ተርበው አልነበረም። የተራበው እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻው ቅጠል ላይ ለብቻው እንዲህ ተጽፏል፦ «ተካ፣ ንባቡ ካስቸገረህ ዘነበችን አስነብባት። አታፍር። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ነው። ለማንም አልነግርም።»

ያውቁ ነበር። ጋዜጣ እየገለጥኩ በሩ ላይ ስቀመጥ ያውቁ ነበር። ዘነበችም ታውቅ ነበር። ያቺን ሴት ያባረርኩት ማንም ያልተሸወደበትን ነገር ልደብቅ ብዬ ነው። ታዲያ ምን አተረፍኩ? ምን ልደብቅ ነበር፣ ከማን?

ፈለግኋት። እንሴኖ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። በገበያ ቀን ሄድኩ። ከሩቅ አየችኝ፣ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች።

«ጋሽ ተካ! ውይ፣ ሸመገልክ እኮ! በርበሬ ልትገዛ ነው ልታስነጥስ?» ብላ ሳቀች። ያው የድሮው ሳቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ስለ ጋሽ ሣህሌ ነገርኳት፤ ከንፈሯን መጠጠች። «ሰፌዶቹስ?» አለች።

«ሞቱ።»

«እኔን!» አለች። ትምህርቷን ጠየቅኋት። «ስድስተኛ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የት ይመቻል ብለህ?» አለችና ሌላ ነገር አነሣች። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ወደ ማታ ትምህርት ገብቼ ዘንድሮ ስድስተኛን አልፌያለሁ። እሷ ያቆመችበትን ክፍል አልፌዋለሁ። ከእጇ የነጠቅኋት ደብተሩን ብቻ አይመስለኝም።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደረቴ ኪስ ውስጥ ደብተሩ አለ። አንዲት ገበያተኛ መጥታ ዋጋ ጠየቀቻት፣ እኔም በዚያ አሳብቤ ዘወር አልኩ። ስሄድ አንድ እፍኝ በርበሬ በጋዜጣ ጠቅልላ እጄ ላይ አደረገችልኝ፤ አልቀበልም ብል አልሰማችኝም። ከዚያ ወዲያ ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከአውቶቡሱ ወርጄ፣ ከሩቅ አይቻት፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመልሻለሁ።

አላውቅም ነበር ብዬ አላመልጥም። አለማንበብ ኃጢአት አይደለም። ብቸኛ ነበርኩም አልልም። ብቸኛ የሆነ ሰው ሁሉ ሰው አይሸጥም። ይቅርታም አልለምንህም፤ አንተ ምን ቤት ነህና ይቅር ትለኛለህ? ይቅር የምትለው አንዲት ሴት ናት፣ እሷም ገና ይቅር የምትለውን ነገር አላወቀችም። ይህን የጻፍኩት በእጄ ነው፤ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፣ ፊደሌ አያምርም። የመስቀል ዋዜማ ወደ እንሴኖ እሄዳለሁ። የዚያን ጊዜ አብረን እንሂድ ብላኝ አልነበር? ወረቀቱን እሰጣታለሁ። ማንበብ ትችላለች፤ ድሮም ትችል ነበር። ሁሉንም ማንበብ ባትፈልግ እንኳ የመጨረሻው መስመር ይበቃታል። ያን ቀን ንገራቸው ብላኝ ነበርና፣ ይኸው እናገራለሁ፦

ዘነበች ገንዳውን ሸፍናው ነበር። መስኮቶቹንም ከፍታ ነበር። እኔ ተካ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።